ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል፤ የእቴጌ ጣይቱ ማዕድ

በዛሬው ዘመን በታላላቅ ከተሞች አንድ ስሙ የታወቀ የወጥ ቤት ባለሙያ አዲስ ምግብ ቤት ከፈተ ሲባል ወሬው እንደ ሹመት ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ማርከስ ሳሙኤልሰን በአዲስ አበባ፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ከላይኛው ፎቅ ላይ ምግብ ቤት በከፈቱ ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። ሰውየው በኢትዮጵያ ተወልደው በስዊድን ያደጉ፣ በኒው ዮርክም ሐርለም በተባለው ሰፈር በከፈቱት ምግብ ቤት ስማቸው የገነነ ናቸው። ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛና ተማሪው ግን ስለዚሁ ቤት ሲጫወት፣ ጨዋታው ከወጡ ጣዕም ይልቅ ወደ ሂሳቡ ያዘነብል ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ወሬ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ከተማይቱ ገና በድንኳንና በሣር ቤት በተመላች ጊዜ፣ ማዕዳቸው ከአገር አገር የተወራላቸው አንድ ሰው በገንዘብ የሚበላበት ዘመናዊ ቤት ከፍተው አገሩን ሁሉ አነጋግረዋል። እኒህ ሰው የባሕር ማዶ ነጋዴ ወይም ከአውሮፓ የመጡ ወጥ ቤት አልነበሩም፤ የአገሪቱ ንግሥት፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት የውጫሌን ውልና የአድዋን ጦርነት ሲያነሡ እቴጌን በሰፊው ያወሳሉ፤ ስለ ማዕዳቸው ግን እንደ ጓዳ ጨዋታ ቈጥረው ሁለት መስመር ጽፈው ያልፋሉ። እኛ የእቴጌን ሕይወት በጓዳው በር ገብተን ብንመለከተው መንግሥታቸው ይበልጥ ይገለጥልናል ብለን እናምናለን።

አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ሲሆኑ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በአባታቸው እናት በኩል ደግሞ እቴጌ የራስ ጉግሣ ዘር ናቸው፤ ራስ ጉግሣም ደብረ ታቦርን የቈረቈሩት የየጁ መስፍን ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በደቡብ ጎንደር ዋና ከተማነቷ የምናውቃት ደብረ ታቦር ለጣይቱ የቅድመ አያታቸው ከተማ ነበረች ማለት ነው። ነገር ግን የመሳፍንት ልጅ መሆን በዚያ ዘመን ጸጋ ብቻ አልነበረም። በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው ሲይዙ የቤተ ሰቡ ዕድል በአንድ ቀን ተለወጠ። ጣይቱ ያደጉት የትናንቱ ጌታ ዛሬ እስረኛ በሚሆንበት፣ የዛሬው እስረኛ ነገ ጌታ በሚሆንበት ዘመን ነው። የኋላ ኋላ በፖለቲካ ረገድ የታየባቸው ጥንቃቄና ጥርጣሬ ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

አንዲት የጨዋ ልጅ በዚያ ዘመን የምትማረው ትምህርት ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነበር፤ ጣይቱ ግን አግኝተውታል። ንባብና ጽሕፈት ያውቃሉ፣ ግእዝ ተምረዋል፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ሁለተኛው ለማንኛይቱም ወይዘሮ የማይቀር ነበር፤ ይኸውም ሙያ ነው። አማርኛችን አንዲትን ሴት ባለሙያ ናት ሲል ወጥ ማጣፈጥን፣ ጠጅ መጣልንና በርበሬ መደለዝን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ መቍጠርንም ማለቱ ነው። ይህ ሁሉ ቁና ጤፍ ስንት ሌማት እንጀራ እንደሚወጣው፣ አንድ በሬ ስንት ሰው እንደሚያበላ፣ ጌሾው መቼ መወቀጥ፣ ጠጁ መቼ መጣል እንዳለበት፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቅቤው የት መድረስ እንደሚገባው፣ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በራስ ውስጥ ይዞ መምራት ሙያ ይባላል። የበጌምድር ጓዳ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነበር። ከጉና ደጋ ገብስና ባቄላ፣ ከፎገራ ሜዳ ከብትና ቅቤ፣ ከቆላው ማሽላና ማር ይመጣል፤ ይህን ከያለበት ሰብስቦ በአንድ ማዕድ ላይ ማዋል የትልቅ ቤት እመቤት ሥራ ነበር።

እኛ እብናት ላይ ያደግን ሰዎች የዚህን ወግ ቅሪት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ተምረነዋል። ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን፣ ወደ በለሳ በሚወስደው አገር፣ መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው። ስሙ ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል፤ ያለው፣ ሽሮም ቢሆን፣ ይቀርብለታል። በነጋታው ዋጋ የጠየቀች እመቤት ግን ስሟ እስከ ገበያው ድረስ ይነሣል። ምግብ ይሰጣል፣ ይጋበዛል፣ ይመጸወታል እንጂ አይሸጥም። ይህን ወግ ያልያዘ ሰው እቴጌ ጣይቱ በስተመጨረሻ ያደረጉት ነገር ምን ያህል ደፋር እንደ ነበረ ሊገባው አይችልም።

ጣይቱ ከዐፄ ምኒልክ በፊት ሌሎች ትዳሮችን አሳልፈዋል፤ በዚህ ላይ አንቈይም። በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቍርባን ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ወደ ሸዋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሀብት አንደኛ የሰሜንና የበጌምድር ዝምድናቸው፣ ሁለተኛ ደግሞ ያ የመቍጠርና የማስተናገድ ችሎታቸው ነበር። በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውኃ ወርደው ሥፍራውን በመውደዳቸው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ለአዲሲቱ ከተማም አዲስ አበባ የሚለውን ስም አወጡላት። ከዚያ በኋላ የከተማይቱ ታሪክና የእቴጌ ጓዳ ታሪክ አብረው ይሄዳሉ።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ያሰናዱት ግብር ዘመኑን ሁሉ ያስደነቀ ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በታሪክ መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ጄምስ ማካን የተባሉት አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ ማዕድ ታሪክ ባሳተሙት መጽሐፍ ለዚሁ ግብር ሰፊ ስፍራ ሰጥተውታል። የኚህ ሊቅ ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ ግብር ላይ ከየአገሩ የመጣው እህል፣ ቅመም፣ ማርና ከብት በአንድ አዳራሽ ስለ ተገናኘ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የኢትዮጵያ ምግብ የሚባለው ማዕድ መልክ ከያዘባቸው ታላላቅ ቀናት አንዱ ያ ነው። እኛም በዚህ እንስማማለን። ምኒልክ አገሩን በጦርና በድርድር ሲሰበስቡ እቴጌ በሌማት ይሰበስቡት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ከግብሩ በኋላ ብዙም ሳይቈይ ክፉ ቀን መጣ። ኢጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ጨረሰ፤ የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ፣ አንበጣና ድርቅም በመጨመሩ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቈየ ረሃብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ የሆኑት በዚህ ጊዜ ነው። ግብርና ረሃብ በአገራችን ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ የበጌምድር ሰው ያውቃል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በእብናት የተቋቋመው የእርዳታ ጣቢያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ጠልሎበት ነበር፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ሕዝቡ በመንግሥት ትእዛዝ በግዳጅ ተበትኗል። ማዕድ የመንግሥት ጉዳይ የመሆኑ ነገር በበዓል ቀን ከሚታየው ይልቅ በእንዲህ ያለው ቀን ይታያል።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስለ ውጫሌ ውል የያዙትን የጸና አቋም አንባቢዎቻችን ያውቁታል፤ ስለ አድዋም ብዙ ተጽፏል። እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር የዛሬ ወታደር ያለው የስንቅና ትጥቅ መምሪያ አልነበረውም። ጦሩን የሚመግቡት ወፍጮና ምጣድ ተሸክመው የሚከተሉት ሴቶች ነበሩ፤ የእነዚህ ሁሉ ራስ ደግሞ እቴጌ ነበሩ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው የኢጣሊያ ጦር ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ በማስያዝ እጁን እንዲሰጥ ያደረገው ምክር የእርሳቸው ነበር። ሠራዊት በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት ያስተዋለው፣ ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ዓይን ነው። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ላይም በሠፈሩ የነበሩትን ብዙ ሺህ ሴቶች አሰልፈው ለተዋጊውና ለቍስለኛው በእንስራ ውኃ አስቀድተዋል።

ከድሉ በኋላ የአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ጓዳ ከመቼውም ይልቅ ሰፋ። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ታላቁ የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። ግብሩ እንዴት እንደሚገባ ለዛሬ ወጣቶች ጥቂት እንግለጽ። አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቅ መኳንንት ይቀርባሉ፤ ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል። ከዚያ መጋረጃው ሲገለጥ መለስተኛው ሹም፣ ቀጥሎ ወታደሩ፣ በመጨረሻም ድኻው ተራ በተራ ይገባል። ጥሬ ሥጋው በተሸካሚዎች ትከሻ በእንጨት ተንጠልጥሎ በረድፍ መካከል ያልፋል፤ ጠጁ ለአንዱ በብርሌ፣ ለሌላው በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። የበሬው ብልት ሳይቀር እንደ ማዕረግ ነው፤ ሻኛው ለማን፣ ጎድኑ ለማን፣ ታናሹና ታላቁ ለማን እንደሚደርስ ወግ አለው። ከጀርባው እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እያንዳንዱ በየአዛዡ ይሠራል፤ የሁሉም ሂሳብ እቴጌ ዘንድ ይደርሳል።

እንግዲህ ይህ አዳራሽ የምግብ ቦታ ብቻ አልነበረም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከወትሮው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፣ ማን ሳይጠጣ ወጣ፤ ይህ ሁሉ ይታያል። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብና በስብሰባ የሚያውቀውን ቤተ መንግሥቱ በሌማት ያውቀው ነበር። ለእንግዶችም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር መልእክተኛ ሲመጣ ድርጎ ይቈረጥለታል፤ በጉ፣ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ማሩ በየቀኑ ሠፈሩ ድረስ ይላክለታል። የድርጎው ማነስና መብዛት ራሱ የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበር።

ይህ ሥርዓት እያለ ለምን ሆቴል አስፈለገ? ምክንያቱ የእንግዳው መብዛትና መለወጥ ነው። ከአድዋ በኋላ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የኢጣሊያና የሩሲያ መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ፣ በዓመቱ ደግሞ የጀርመን መልእክተኞች ለውል መጡ፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። ከእነዚህ ጋር ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ አዳኙ፣ ዕድሉን ፈላጊው ሁሉ ጐረፈ። ይህን ሁሉ ሰው ድርጎ ቈርጦ ማኖር አይቻልም፤ ማንነቱ ያልታወቀውን ሁሉም በግብር አዳራሽ በማዕረግ ማስቀመጥ አይቻልም። መንገደኛ በገንዘቡ የሚያድርበትና የሚበላበት ቤት ያስፈልግ ነበር።

እቴጌ በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በአራዳ፣ በኋላ ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ ያንን ቤት አሠሩ። ሰፊ በረንዳና የእንጨት ደረጃ ያለው ፎቅ ቤት ነው፤ የመኝታ ክፍሎችና የምግብ አዳራሽ ነበሩት። እቴጌ ሆቴል ተባለ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል መሆኑ ነው።

ለማነጻጸር ያህል ወደ አውሮፓ እንመልከት። በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ቦቪሊዬ የተባለው፣ በአንድ የንጉሥ ቤተ ሰብ ልዑል ቤት ያገለገለ ወጥ ቤት፣ ዝነኛ ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላም ጌቶቻቸው የተሰደዱባቸው ብዙ ወጥ ቤቶች የእርሱን መንገድ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ስመ ጥሩው ኤስኮፊዬ ከሪትዝ ጋር በመሆን በዚያችው ከተማ ታላቁን ሆቴል አስከፈተ። በፈረንሳይ ግብሩን ወደ ምግብ ቤት ያወጣው እንግዲህ የጌቶቹ አገልጋይ ነው፤ ጌታው አልጋውን ሲያጣ ሎሌው ድስቱን ይዞ ወጣ። በእኛ አገር ግን እመቤቲቱ ራሳቸው፣ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ የአደባባዩን ማዕድ ከፈቱ። ይህን የሚመስል ነገር በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ቤቱ መከፈቱ ብቻ ግን አልበቃም። መኳንንቱ ለምግብ ገንዘብ መክፈልን እንደ ውርደት ቈጠሩት፤ ምግብ መሸጥማ ከዚያ የከፋ ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚለው፣ ገበያው ቀዝቅዞ በታየ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ ሁሉም እንደ ግብር ቈጥሮ በላ ጠጣ። ምሳው ሲያበቃ ንጉሠ ነገሥቱ ዋጋውን ጠይቀው በሁሉ ፊት ከፈሉ፤ ነውር አለመሆኑንም በዚሁ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ በየተራ እየተጋበዙ መክፈልን ለመዱ ይባላል። በታሪኩ ውስጥ ጥቂት ጨዋታ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን የዘመኑን ጭንቀት በትክክል ያሳያል። የንጉሥ ምሳሌ ሳይጨመርበት ሰው ለእንጀራ ብር አውጥቶ አይሰጥም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር እንበል። በየገጠሩ ከተማ፣ እብናትም ቢሆን፣ አልጋ የሌላት፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የቡና ረከቦት ብቻ ያላት ቤት በደጇ ላይ ሆቴል ተብሎ ተጽፎባት እናያለን። የውጭ ሰው ይስቅበታል። በአማርኛ ግን ሆቴል ማለት አስቀድሞ የሚበላበት ቤት ነው፤ መኝታው ትርፍ ነው። በዚህ ረገድ የእቴጌ ቤት ስሙን ለልጅ ልጆቹ ሁሉ ያወረሰ ይመስለናል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። በግብር አዳራሽ ሰው የሚቀመጠው እንደ ማዕረጉ ነበር፤ በሆቴሉ ግን እንደ ኪሱ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል፤ ከዚያ ጀምሮ ቀስ በቀስ በደመወዝ የሚኖር ሹም ተፈጠረ፤ እኛና አንባቢዎቻችን የዚያ ሹም ልጆች ነን። ደመወዝተኛው በጌታው ጠረጴዛ ሥር ሳይሆን በገዛ ገንዘቡ፣ ቀና ብሎ ሊበላ ቻለ። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ሆኖም ኪስም እንደ ማዕረግ መደዳ ያወጣል። ግብሩ ቢያንስ በመጨረሻው ተራ ድኻውን ያስገባ ነበር፤ በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ የሚከፈተው ምግብ ቤት የመጨረሻ ተራ የለውም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብንባል ሆቴሉን እንመርጣለን፤ ስንመርጥ ግን የሚጐድለውን እያወቅን ነው።

የእቴጌ ፍጻሜ ከዚህ በኋላ ቅርብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጠና ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ መንግሥቱን በተግባር የያዙት እቴጌ ነበሩ፤ ሹመቱን ለሰሜንና ለበጌምድር ዘመዶቻቸው ያደላሉ ተብለውም ተጠሉ። ክሱ ከነጭራሹ ሐሰት ነበር ልንል አንችልም፤ ወንድማቸው ራስ ወሌና የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ከፍ ያለ ስፍራ ነበራቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ተማክረው እቴጌ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡ፣ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጉ። ለብዙ ሺህ ሰው ሲያስቡ የኖሩት ሴት የአንድ በሽተኛ ምግብ ብቻ ቀረላቸው። ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አስታመሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ዐረፉ፤ እቴጌም ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ ያ ታላቅ ግብር ወደ ገባበት ደብር መሆኑ ነው።

ልጅ ኢያሱ ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ፣ በኅዳር 1910 ዓ.ም. ገደማ፣ እቴጌ አንድ ነገር ለመኑ። ወደ አገራቸው፣ ወደ ጎንደር፣ ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ እንዲጨርሱ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። አልተፈቀደም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በዚያው በእንጦጦ ዐረፉ፤ ዛሬ አፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ከባላቸው ጋር ይገኛል። ሆቴላቸው ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ወድሞ ነበር፤ በኋላ ታድሶ እንደ ገና ተከፍቷል።